ኪራዩ ብድሩን ይሸፍናል?

አዲስ አበባ ውስጥ ዋናውን ቤት ይዞ ሰርቪሱን ማከራየት የቆየ ነገር ነው። ጡረታው ያልበቃቸው አዛውንት፣ ልጅ የሚያስተምር አባወራ፣ ግቢያቸው ውስጥ ካሉት ክፍሎች በሚያገኙት ኪራይ ኑሯቸውን ሲደጉሙ ኖረዋል። አሜሪካ ውስጥ ይኸው ነገር የራሱ ዓይነት ሕንፃና የራሱ ዓይነት ብድር አለው። ሕንፃው በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ራሳቸውን የቻሉ ቤቶች ይይዛል፤ እያንዳንዱ የራሱ በር፣ ኩሽናና መታጠቢያ አለው። ባለቤቱ በአንዱ ይኖራል፣ የቀረውን ያከራያል።

ቺካጎ ውስጥ ከታች አንድ ከላይ አንድ ቤት ያለውን የጡብ ሕንፃ «ቱ ፍላት» ይሉታል። ቦስተንና ዉስተር ውስጥ በየፎቁ አንድ ቤተሰብ የሚይዘው ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ቤት «ትሪፕል ዴከር» ይባላል። ሁለቱም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በብዛት የተሠሩ ናቸው፤ ከአውሮፓ የመጡ ስደተኛ ሠራተኞች አንዱን ፎቅ ለራሳቸው ይዘው ሌላውን እያከራዩ ከተከራይነት ወጥተውባቸዋል። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዱፕሌክስ የሚባለው አሮጌ ባለ ሁለት ቤት ሕንፃ ሞልቷል። ሐበሻ በብዛት በሚኖርባቸው በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ግን እንዲህ ያለ ሕንፃ እንደ ልብ ስለማይገኝ ሰው የሚያስበው ቤዝመንት ስላለው ቤት ነው። ሲያትል ደግሞ በ2019 ባወጣችው ሕግ በአንድ ቤት ይዞታ ላይ እስከ ሁለት ተጨማሪ መኖሪያ ፈቅዳለች።

የዚህ ዓይነት ቤት ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ አባባል ይከተላል፤ «ሞርጌጁን ተከራይ ይከፍልልሃል፣ አንተ በነጻ ትኖራለህ»። አንዳንዴ እውነት ነው፤ በዛሬው ዋጋና ወለድ ግን ብዙ ጊዜ ግማሽ እውነት ነው። ግማሹን ከሙሉው ለመለየት ከብድሩ ደንብ እንነሳ፣ ከዚያ ስሌቱን እንሥራ፣ ከዚያ ቤዝመንት ወርደን ቤቱን እንየው።

አራት የምትለዋ መስመር

በአሜሪካ የቤት ብድር ሥርዓት ከአንድ እስከ አራት ቤት ያለው ሕንፃ እንደ መኖሪያ ቤት ይቆጠራል። አምስተኛው ሲጨመር የንግድ ንብረት ይሆናል፤ ቅድመ ክፍያው፣ ወለዱና መመዘኛው ሁሉ ይለወጣል። ስለዚህ የሚኖርበትን ቤት የሚገዛ ሰው የሚያገኘውን ቀላል ብድር ሳይለቅ አከራይ ለመሆን የሚችለው እስከ አራት ድረስ ነው።

ለጀማሪ በሩን የሚከፍተው ብዙ ጊዜ በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር፣ ሁሉም ኤፍ ኤች ኤ የሚለው መሥሪያ ቤት ነው። ኤፍ ኤች ኤ ራሱ ገንዘብ አያበድርም፤ ባንክ ላበደረው ዋስ ሆኖ ይቆማል። የክሬዲት ነጥቡ 580 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው የቤቱን ዋጋ 3.5 በመቶ ብቻ ከፍሎ መግዛት ይችላል፤ ከ500 እስከ 579 ያለው 10 በመቶ ይጠየቃል። ይህ የመንግሥት ወለል ነው፤ ባንኩ ከዚያ ከፍ ያለ ክሬዲት ሊጠይቅ ይችላል። የብድሩ ጣሪያ ደግሞ በየካውንቲውና በቤቶቹ ብዛት ይለያያል፣ በየዓመቱም ይከለሳል።

ግዴታው ግልጽ ነው። ገዢው በ60 ቀን ውስጥ ከቤቶቹ ወደ አንዱ ይገባል፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ይኖርበታል። የማይገባበትን ቤት «እገባበታለሁ» ብሎ መፈረም ቀላል ውሸት ሊመስል ይችላል፤ ለአበዳሪ ሐሰት መናገር ግን በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው።

ዋስትናውም በነጻ አይደለም። ከብድሩ 1.75 በመቶ መጀመሪያ ላይ ይከፈላል፣ አብዛኛው ሰው ከብድሩ ጋር ያስደምረዋል። ከዚያ በላይ ቅድመ ክፍያው ትንሽ ለሆነ የተለመደ የ30 ዓመት ብድር በዓመት 0.55 በመቶ አለ። ቅድመ ክፍያው ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ይህ ዓመታዊ ክፍያ ብድሩ እስኪያልቅ አይነሳም፤ 10 በመቶና ከዚያ በላይ የከፈለ ከ11 ዓመት በኋላ ይገላገለዋል።

ሌላ በርም አለ። ከባንኮች ብድር የሚገዛው ፋኒ ሜይ ለባለ ሁለት ቤት 15 በመቶ፣ ለባለ ሦስትና አራት 25 በመቶ ቅድመ ክፍያ ይጠይቅ ነበር። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ባለቤቱ ለሚኖርበት ሕንፃ ወደ 5 በመቶ ዝቅ አድርጎታል። በአሜሪካ ጦር ያገለገለ ሰው ደግሞ በቀድሞ ወታደሮች ብድር እስከ አራት ቤት ያለውን ሕንፃ ያለ ቅድመ ክፍያ ሊገዛ ይችላል።

የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይም አለ። ኤፍ ኤች ኤ ከሜይ 25 ቀን 2025 ወዲህ በጊዜያዊ ፈቃድ ለሚኖሩ ሰዎች በሩን ዘግቷል። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ የሌለው ገዢ ቤት መፈለግ ከመጀመሩ በፊት በየትኛው ብድር እንደሚስተናገድ ሎን ኦፊሰሩን መጠየቅ አለበት።

ስሌቱ

አሁን ቁጥር ይዘን እንሂድ። ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ የተቀመጡ ናቸው፤ እያንዳንዱ ገዢ በሰፈሩ ዋጋ ሊተካቸው ይገባል።

እንበል ባለ ሁለት ቤት ዱፕሌክስ በ400,000 ዶላር ቀርቧል። 3.5 በመቶው 14,000 ነው። የቀረው 386,000 ብድር ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዋስትና 6,755 ሲደመርበት 392,755 ይሆናል። ወለዱ 6.5 በመቶ፣ ጊዜው 30 ዓመት ቢሆን የወሩ ክፍያ እንዲህ ይወጣል፦

ዋናው ብድርና ወለዱ፦ 2,482 ዶላር
የኤፍ ኤች ኤ ዓመታዊ ዋስትና በወር ሲካፈል፦ 177 ዶላር
የንብረት ግብር፦ 450 ዶላር
የቤት መድን፦ 220 ዶላር
ድምር፦ 3,329 ዶላር

ሌላኛው ቤት በወር 1,600 ይከራያል እንበል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ 1,600ን ከ3,329 ቀንሶ «1,729 ነው የሚደርስብኝ» ይላል። ባንኩ ግን እንደዚያ አይቆጥርም። ከገበያው ኪራይ 75 በመቶውን ብቻ ይወስዳል፤ የቀረው 25 በመቶ ቤቱ ባዶ ለሚያድርበት ወርና ለጥገና ነው ይላል። ይህን ሲያደርግ ገዢውን ለመጫን አይደለም። ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ አንድ ወር ቢያልፍ የዓመቱ ኪራይ ስምንት በመቶ ሄደ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የውሃ ማሞቂያው ቢፈነዳ የቀረውን እሱ ይበላዋል። ስለዚህ 1,600ው በባንኩም በእኛም ስሌት 1,200 ነው።

3,329 ሲቀነስ 1,200፣ ገዢው ከኪሱ በወር 2,129 ዶላር ያወጣል። እዚያው ሰፈር ተመሳሳይ ቤት በ1,600 የሚከራይ ከሆነ፣ ተከራይ ሆኖ ቢቀጥል ከሚከፍለው 529 ዶላር ይበልጣል። «በነጻ መኖር» የሚባለው እዚህ ቤት ውስጥ የለም። ያም ሆኖ ገንዘቡ ሁሉ ወለድ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 355 ዶላር ገደማ ዋናውን ብድር ይቀንሳል፣ በአንደኛው ዓመት ሲደመር 4,400 ገደማ ይደርሳል። ይህ በእጅ የማይያዝ ቁጠባ ነው፤ ቤቱ እስኪሸጥ ወይም ዳግም እስኪበደሩበት ድረስ ሱቅ ሄዶ ዳቦ አይገዛም።

አሁን በዚያው ዋጋና በዚያው የወር ክፍያ ባለ ሦስት ቤት ሕንፃ እንውሰድ፤ እያንዳንዱ ቤት 1,500 ይከራያል። ለባለ ሦስትና ባለ አራት ቤት ኤፍ ኤች ኤ ተጨማሪ ፈተና አለው። ለባንኩ ቤቱን የሚገምተው ባለሙያ ያስቀመጠው የሁሉም ቤቶች የገበያ ኪራይ፣ ገዢው ራሱ የሚኖርበትም ጭምር፣ 25 በመቶው ተነስቶለት የወሩን ሙሉ ክፍያ መሸፈን አለበት። ሦስት ጊዜ 1,500 4,500 ነው፤ 75 በመቶው 3,375 ይሆናል። ክፍያው 3,329 ስለሆነ በ46 ዶላር ልዩነት አለፈ። ገዢው በአንዱ ቤት ሲኖር ከሁለቱ የሚታሰብለት 2,250 ነውና የራሱ ድርሻ 1,079 ዶላር ይሆናል፤ ተከራይ ቢሆን ከሚከፍለው ከ400 ዶላር በላይ ያንሳል። በሌላ በኩል ለባለ ሦስትና አራት ቤት የሦስት ወር ክፍያ፣ እዚህ ላይ 9,987 ዶላር፣ ከክሎዚንግ፣ ማለትም ግዢው ተፈርሞ ከተጠናቀቀ በኋላም እጁ ላይ መቅረት አለበት።

ለባለ ሁለት ቤት ኤፍ ኤች ኤ ይህን ፈተና አይጠይቅም። ገዢው ግን ራሱን ቢጠይቅ ይበጀዋል። ዱፕሌክሳችንን እናስፈትነው፤ ሁለት ጊዜ 1,600 3,200 ነው፣ 75 በመቶው 2,400። ከ3,329 ጋር ሲተያይ በወር 929 ዶላር ይጎድላል። ይህ «አትግዙ» ማለት አይደለም። ትርጉሙ እንዲህ ነው፤ ገዢው ሥራው ወደ ሌላ ስቴት ቢወስደው፣ ትዳር ቢመሠርትና ቤቱ ቢጠብበው፣ ሁለቱንም ቤቶች አከራይቶ ቢወጣ ሕንፃው ራሱን አይችልም፤ በየወሩ ከኪስ ይጠይቃል። ቤቱ የሚያዋጣው ባለቤቱ እዚያው ሲኖርና ጉድለቱን ከደሞዙ ሲሞላ ብቻ ነው። ያን አውቆ የሚገዛና ሳያውቅ የሚገዛ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ቦታ አይገኙም።

የእቁብ ብር ባንክ ፊት ሲቀርብ

ለዱፕሌክሳችን 14,000 ብቻውን አይበቃም። የክሎዚንግ ወጪ ከዋጋው ከ2 እስከ 5 በመቶ ይገመታል፤ 3 በመቶ ቢሆን 12,000 ነው። በኤፍ ኤች ኤ ሻጩ እስከ 6 በመቶ ድረስ ወጪውን እንዲጋራ መደራደር ይቻላል፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ ይሆናል፣ ሲሟሟቅ ሻጭ አይሰማም።

ብሩ ከየት ይመጣል? ከብዙዎቻችን ዘንድ ከእቁብ። ባንኩ የሁለት ወር ስቴትመንት ይጠይቅና ድንገት የገባ 20,000 ዶላር ሲያይ «ይህ ከየት መጣ?» ይላል። «ከጓደኞቼ ጋር የምንጥለው ነው» የሚል የቃል መልስ አይበቃውም። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የኤፍ ኤች ኤ መመሪያ አባላት ራሳቸው የሚያስተዳድሩትን የግል የቁጠባ ማኅበር እንደ ሕጋዊ የገንዘብ ምንጭ እንደሚቀበል ነው። እቁብ ማለት ይኸው ነው። ፋኒ ሜይም በጋራ የሚሰበሰብ ቁጠባን ይቀበላል፣ በየጊዜው መጣሉ በማስረጃ ከተረጋገጠ።

ማስረጃው ምን ይመስላል? የእቁቡ ዳኛ ወይም ጸሐፊ የፈረመበት ደብዳቤ፣ እቁቡ መቼ እንደተጀመረ፣ ስንት አባል እንዳለው፣ በሳምንት ወይም በወር ስንት እንደሚጣል፣ ዕጣው ለገዢው መቼ እንደወጣና ስንት እንደደረሰው። ከዚህ ጋር የእቁቡ መዝገብ ቅጂና ገንዘቡ በባንክ ወይም በዜል ሲላክ የታየበት ስቴትመንት። በጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚጣል እቁብ እዚህ ላይ ይቸገራል። ስለዚህ ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እቁቡን በባንክ በኩል መጣል ቢጀምር የኋላ ጣጣ ይቀንስለታል።

አንድ ስውር ነገር አለ። ዕጣው መጨረሻ ላይ የወጣለት ሰው የራሱን ቁጠባ ነው የተቀበለው። መጀመሪያ ላይ የወጣለት ግን ገና ያልጣለውን ወስዷል፤ በባንክ ዓይን ከብድር አይለይም። ኤፍ ኤች ኤ ገንዘቡ የተጠራቀመ እንጂ የተበደሩት እንዳልሆነ ባንኩ እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። ፋኒ ሜይም ወደፊት የሚጣለውን እንደ ወርኃዊ ዕዳ ይቆጥረዋል። ዕጣው በመጀመሪያው ዙር የወጣለት ሰው ዙሩ እስኪገባደድ ቢታገስ ወረቀቱ ይቀልለታል።

ከዘመድ የሚገኝ ስጦታም ይፈቀዳል፣ «የማይመለስ ስጦታ ነው» የሚል የተፈረመ ደብዳቤ ሲኖር። ልብ ብሎ መፈረም ነው፤ ብድርን ስጦታ ብሎ መጻፍ ከላይ ያነሳነው ዓይነት ሐሰት ነው።

ታክሲ፣ ኡበር ወይም የራሱን ሱቅ የሚሠራ ሰው ሌላ እንቅፋት ይገጥመዋል። ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት የግብር ማስታወቂያ ይጠይቃል፣ የሚያየውም ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የቀረውን ገቢ ነው። በዓመት 80,000 አስገብቶ በማይልና በወጪ 50,000 ያስቀነሰ ሹፌር ግብሩ ቀንሶለታል፤ ባንክ ፊት ግን ተቀናሾች እንደ ዓይነታቸው ካልተመለሱለት በስተቀር ወደ 30,000 የቀረበ ሰው ሆኖ ይቆማል። ግብር የሚሠራለትን ሰው ከሁለት ዓመት በፊት «ቤት ልገዛ ነው» ብሎ መንገር ይጠቅማል።

መጀመሪያ ቤዝመንት መውረድ

ሪልተሩ አዲስ ቀለም የተቀባውን ሳሎን ሲያሳይ፣ አስተዋይ ገዢ ቤዝመንት ይወርዳል። የመጀመሪያ ሥራው ቆጣሪ መቁጠር ነው። ሁለት ቤት ካለ ሁለት የመብራት ቆጣሪ፣ ሁለት የጋዝ ቆጣሪ፣ ሁለት ፈርነስ ወይም ቦይለር አለ? ቆጣሪው አንድ ከሆነ የተከራዩ መብራትና ማሞቂያ በባለቤቱ ስም ይመጣል፤ በሚኒሶታ ክረምት ተከራይ መስኮት ከፍቶ ማሞቂያውን ቢለቅ ሒሳቡ ለማን እንደሚደርስ መገመት አያስቸግርም። ለነገሩ በሚኒሶታ ሕግም ቆጣሪ የተጋራበት ቤት ሒሳብ ተጠያቂ አከራዩ ነው። ውሃው በብዙ ዱፕሌክሶች አንድ ቆጣሪ ነውና ከመጀመሪያው በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት።

ሁለተኛ፣ ማስታወቂያው ላይ «ሦስት ቤት» የተባለው በከተማው መዝገብም ሦስት ነው? ቤዝመንቱን ኩሽና አስገብተው እንደ ሦስተኛ ቤት የሚሸጡ አሉ። ከተማው የሚያውቀው ሁለት ከሆነ ባንኩ የሦስተኛውን ኪራይ አይቆጥርም፤ የከተማው ተቆጣጣሪ መጥቶ ሊያዘጋው ይችላል፤ እሳት ቢነሳ መድኑም ጥያቄ ያነሳል። የሰው መኝታ በሆነ ቤዝመንት ውስጥ በአደጋ ጊዜ ሰው ሊወጣበት የሚችል መስኮት ወይም በር መኖር አለበት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው፣ ከተማው ቢሮ ደውሎ መጠየቅ ከሪልተር ቃል ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ እርጅናው። እነዚህ ሕንፃዎች አሮጌ ናቸው። ኢንስፔክተሩ ጣሪያውን፣ መሠረቱን፣ የድሮውን ሽቦ ያያል፤ በሸክላ ማቀፊያ የተያዘው ጥንታዊ ሽቦ ካለ ብዙ የመድን ድርጅቶች ፊታቸውን ያዞራሉ። ከቤቱ እስከ መንገድ የሚሄደውን የፍሳሽ ቱቦ በካሜራ ማስታየት ለብቻው ይከፈላል፣ ይገባዋልም፤ የዛፍ ሥር የገባበት የሸክላ ቱቦ ግቢ ያስቆፍራል። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ሊድ ያለበት ቀለም ሊኖር ስለሚችል፣ ሻጭ ለገዢ፣ በኋላም ገዢው አከራይ ሲሆን ለተከራዩ የሚያውቀውን በጽሑፍ ማሳወቅና የመንግሥቱን መምሪያ መስጠት አለበት። ሊድ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ሕፃናትን ነው።

አራተኛ፣ ተከራዮቹ። ቤቱ ከነተከራዩ ከተሸጠ ውሉ ለገዢውም ይሠራል፤ አዲስ ባለቤት ስለመጣ ኪራይ በማግስቱ አይጨመርም። ከክሎዚንግ በፊት ተከራዩ ስንት እንደሚከፍል፣ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ፣ ስንት ዲፖዚት እንዳስያዘ ራሱ የፈረመበት ወረቀት መቀበል፣ ዲፖዚቱም ከሻጩ ወደ ገዢው መተላለፉን ማየት ያስፈልጋል። ገዢው በ60 ቀን ውስጥ መግባት ስላለበት ቢያንስ አንዱ ቤት ባዶ ሆኖ መረከቡ በውሉ ላይ ይጻፍ።

ግድግዳ የሚጋራ አከራይ

ቤት ገዝቶ ማከራየት ገቢ ብቻ አይደለም፣ ሥራ ነው። ተከራይ ከላይ ቤት ነው የሚኖረው፤ እሑድ ጠዋት ቧንቧ ሲያፈስ በር ያንኳኳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በቧንቧው ሳይሆን በሕጉ ነው።

የ1968 የመኖሪያ ቤት ፍትሕ ሕግ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር ማዳላትን ይከለክላል፤ በ1974 ጾታ፣ በ1988 አካል ጉዳትና ልጅ ያለው ቤተሰብ ተጨምረዋል። ባለቤቱ የሚኖርበት እስከ አራት ቤት ያለው ሕንፃ ከአንዳንዱ ክልከላ በፌዴራል ደረጃ ነፃ ነው። ማስታወቂያ ግን ነፃ አይደለም። «ለሐበሻ ብቻ» ወይም «ልጅ ለሌለው» ብሎ በቤተ ክርስቲያን ሰሌዳም ሆነ በቴሌግራም መለጠፍ ሕግ መጣስ ነው። በዘር ምክንያት መከልከልን ደግሞ የ1866 የሲቪል መብት ሕግ ያለ ልዩነት ይከለክላል። የብዙ ስቴቶችና ከተሞች ሕግ ከዚህም ይጠብቃል። ጤናማው መንገድ አንድ መመዘኛ በጽሑፍ አውጥቶ፣ ገቢ፣ ክሬዲት፣ የቀድሞ አከራይ ምስክርነት፣ ለሚመጣው ሁሉ እኩል መጠቀም ነው።

ዲፖዚት የተከራዩ ገንዘብ ነው፣ ብር ሲያጥር የሚነካ አይደለም። ማሳቹሴትስ ውስጥ በ30 ቀን ውስጥ ወለድ በሚከፍል የተለየ የባንክ ሒሳብ መቀመጥ አለበት፤ ይህን ያላከበረ አከራይ ሦስት እጥፍ ሊከፍል ይችላል። ሚኒሶታ ተከራይ ከወጣ በ21 ቀን ውስጥ ከነወለዱ እንዲመለስ ታዛለች። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከአንድ ወር ኪራይ በላይ ማስያዝን ገድባለች። የኪራይ ጭማሪም እንዲሁ በቦታ ይለያያል። ሴንት ፖል በኖቬምበር 2021 በሕዝብ ድምፅ የዓመቱን ጭማሪ በ3 በመቶ ወስናለች፤ ኋላ አዳዲስ ሕንፃዎች ነፃ ቢደረጉም አሮጌዎቹ ዱፕሌክሶች እዚያው ውስጥ ናቸው። ወንዙን ተሻግሮ ሚኒያፖሊስ ይህ ጣሪያ የለም። ኪራይ እያደገ ጉድለቱን ይሞላዋል ብሎ ለሚያሰላ ገዢ ወንዙ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ኪራይ ያልከፈለን ተከራይ ቁልፍ ቀይሮ ወይም ማሞቂያ ዘግቶ ማስወጣት አይቻልም፤ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው፣ ወራትም ሊወስድ ይችላል። በተለይ ዘመድና የአገር ልጅ ሲከራይ «በኛ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል» የሚባለው ነገር ኋላ ወዳጅነቱንም ኪራዩንም ያሳጣል። የተጻፈ ሊዝ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የኪራይ ደረሰኝ፣ ሲገባ የተነሳ የቤቱ ፎቶ፣ እነዚህ ለወንድምም ለባዕድም አንድ ናቸው። የቤቱ መድንም ሕንፃውን እንጂ የተከራዩን ዕቃ ስለማይሸፍን ተከራዩ የራሱን መድን እንዲገባ ሊዙ ላይ መጻፍ ለሁለቱም ይበጃል።

ግብሩ በሁለት ይከፈላል

የገቢዎች መሥሪያ ቤቱ ይህን ሕንፃ እንደ ሁለት ነገር ያየዋል፤ ግማሹ መኖሪያ፣ ግማሹ ንግድ። ኪራዩ ገቢ ሆኖ ይመዘገባል። ከእሱ ላይ የሚከራየው ግማሽ የወለድ፣ የንብረት ግብር፣ የመድንና የጥገና ድርሻ ይቀነሳል። ለተከራዩ ቤት ብቻ የወጣ ወጪ ሙሉ በሙሉ ይቀነሳል፤ ባለቤቱ የራሱን ኩሽና ቢያሳድስ ከኪራዩ ላይ አይቀነስም።

ከሁሉ የሚረሳው የእርጅና ቅናሽ ነው። መሬት አያረጅም፣ ሕንፃ ግን በ27 ዓመት ተኩል ያረጃል ተብሎ ይታሰባል። ከ400,000ው 80,000 የመሬቱ ዋጋ ነው ብንል ሕንፃው 320,000፣ የሚከራየው ግማሽ 160,000 ነው። ለ27.5 ሲካፈል በዓመት 5,818 ዶላር፣ አንድ ሳንቲም ከኪስ ሳይወጣ ከኪራይ ገቢው ላይ ይቀነሳል። ሲሸጥ ግን በእርጅና የተቀነሰው እስከ 25 በመቶ ግብር ይጠየቅበታል። ከአምስት ዓመት ሁለቱን የኖረበት ሰው ከትርፉ እስከ 250,000፣ ባልና ሚስት በጋራ ካስታወቁ እስከ 500,000 ዶላር ያለ ግብር የሚወስዱበት መብትም የሚሠራው ለኖሩበት ግማሽ ብቻ ነው።

ማን ይግዛ?

ይህ ዓይነቱ ቤት የሚጠቅመው እዚያው ከተማ ጥቂት ዓመት እንደሚቆይ የሚያውቅ፣ ከክሎዚንግ በኋላ ቢያንስ የሦስት ወር ክፍያ እጁ ላይ የሚቀርለትና የተከራይ ጥሪ የማያስመርረው ሰው ነው። የመጨረሻዋን ዶላር ቅድመ ክፍያ ላይ አፍስሶ ወለድ ይወርዳል፣ ኪራይ ይጨምራል ብሎ የሚገባ ሰው ግን ያልያዘውን ገንዘብ አስቀድሞ አውጥቷል። ወለዱ ከወረደ ብድሩን መለወጥ ይቻላል፤ ካልወረደስ ብሎ ዛሬ ባለው ቁጥር መወሰን ይሻላል።

ስለዚህ ዋጋ ከማቅረብ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ስሌት መሥራት ነው። አንደኛው ገዢው ሲኖርበት ከኪሱ የሚወጣውን ደሞዙ ይችለው እንደሆነ ያሳያል፣ ሁለተኛው እሱ ሲወጣ ሕንፃው ራሱን ይችል እንደሆነ። ኪራዩ በሁለቱም በ75 በመቶ ይያዝ። በሁለተኛው የሚያልፍ ሕንፃ ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ብቻ የሚያልፍ ሕንፃ ገዢውን እዚያው የሚያስር ስለሆነ፣ ጉድለቱ ዋጋው ላይ ድርድር ይፈልጋል፤ ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ቤት ማየት ነው። በሁለቱም የሚወድቀውን ደግሞ የሪልተሩ ምላስና የሳሎኑ ቀለም አያነሳውም።